የ1960ዎቹ አጋማሽ አልበሞች በዲጂታል፦ የትኛውን ቅጂ እንግዛ?

አንድ የ1966 አልበም ፈልጋችሁ ስትገቡ አምስት ስድስት ቅጂ ይመጣላችኋል። አንዱ "ሪማስተር" ይላል፣ አንዱ "ሞኖ"፣ ሌላው "24 ቢት/192"፣ ደግሞ ሌላው "አትሞስ"። ስማቸው አንድ ነው፣ ሽፋናቸውም አንድ ነው። ዋጋቸው ግን ይለያያል፣ ድምፃቸው ይለያያል፣ አንዳንዴ የዘፈኖቹ ብዛት ሳይቀር ይለያያል። ብዙ ሰው ግራ ሲገባው ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ይመርጣል። ቁጥሩ ደግሞ ስለ ድምፁ የሚነግረን በጣም ትንሽ ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። 1965 እና 1966 ማለት በኛ ከ1957 እስከ 1959 መሆኑ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

ከሁሉም በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ "ይሄ የትኛው ሚክስ ነው?" የሚለው ነው። ሚክስ ማለት የተቀዱት ድምፆችና መሣሪያዎች ተመጣጥነው የተቀናበሩበት መልክ ነው፤ ሞኖ ሁሉንም በአንድ መስመር ያሰማል፣ ስቴሪዮ ግራና ቀኝ ይከፋፍላል። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ቤት የነበረው ማጫወቻ ባለ አንድ ስፒከር ነበር። ዘፈን የሚሰማበት ሬዲዮም ሞኖ ነው። ስለዚህ የፖፕና የሮክ ሙዚቀኞች ስቱዲዮ ቁጭ ብለው የሚጨነቁት ለሞኖው ሚክስ ነበር። ስቴሪዮው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ በጥድፊያ ይሠራል፣ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው በሌሉበት ጭምር። ለንደን ውስጥ ቢትልስ ይቀዱበት የነበረው ስቱዲዮ እንኳ ያኔ የነበረው ባለ አራት ትራክ ቴፕ ነው፣ ማለትም ለየብቻ የሚቀዱ አራት መስመሮች ብቻ ያሉት፤ አራት ትራክ ይዞ ድምፆቹን ግራና ቀኝ እንደልብ መበተን አይቻልም። ውጤቱ ምን ሆነ? ድምፃዊው በቀኝ ጆሮ፣ ከበሮና ቤዙ በግራ ጆሮ። ስፒከር ላይ ችግር የለውም። ሄድፎን ላይ ግን ያደክማል።

ጃዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እንደ ሩዲ ቫን ጌልደር ያሉ የቀረጻ መሐንዲሶች በቀጥታ ወደ ባለ ሁለት ትራክ ስቴሪዮ ነበር የሚቀዱት። እዚያ ዋናው ስቴሪዮው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ቴፑ ነው። ማስተር ቴፕ (ያለቀው ሚክስ ያለበት ዋናው ቴፕ) በተገለበጠ ቁጥር ሽሽ የሚለው ድምፅ ይጨምራል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። በ1980ዎቹ ሲዲ ሲመጣ አንዳንድ ኩባንያዎች ዋናውን ቴፕ ሳይፈልጉ መጋዘን ውስጥ በቅርብ ያገኙትን ቅጂ ተጠቅመዋል። በኋላ ዋናው ሲገኝ አልበሙ እንደገና ይወጣል፣ ያኔ ልዩነቱ ለማንም ጆሮ ይሰማል። ደግነቱ የ60ዎቹ ቴፖች በአብዛኛው በደህና ቆይተዋል፤ ማጣበቂያው እየተበላሸ ማጫወቻው ላይ የሚጣበቀው ቴፕ በብዛት የ70ዎቹና የ80ዎቹ ነው።

ሦስተኛው፣ ሪማስተር ሲደረግ፣ ማለትም ያው ሚክስ ለአዲስ ህትመት እንደገና ሲዘጋጅ፣ ምን ያህል ታጭቋል የሚለው ነው። ማጨቅ ስል ቀስ ያለውንና ጮክ ያለውን ክፍል አቀራርቦ ሁሉንም ጮክ ማድረግ ማለቴ ነው። ጮክ ያለ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ የተሻለ ይመስላል። አልበሙን እስከ መጨረሻው ስትሰሙት ግን ይሰለቻል፣ ከበሮው ጉልበቱን አጥቶ ዝም ብሎ ይደልቃል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡ ብዙ ሪማስተሮች ይህ ችግር አለባቸው።

አራተኛው ያ ሁሉ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥር ነው። ቢቱ የድምፁ መጠን ምን ያህል በዝርዝር እንደሚመዘገብ፣ ኪሎኸርዙ ደግሞ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ ይነግራል። ሲዲ 16 ቢት/44.1 ኪሎኸርዝ ነው። ይህ እስከ 22,000 ኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ሁሉ ይይዛል። ጤነኛ ወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 አካባቢ ነው፣ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ይቀንሳል። በጣም ቀስ ባለውና በጣም ጮክ ባለው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት በ16 ቢት 96 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። የ1960ዎቹ አጋማሽ ቴፕ ግን ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ቢሆን ነው። ማለትም ቴፑ የያዘው ነገር በሙሉ ሲዲ ውስጥ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። በ2007 በአሜሪካ የድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ሙከራ ነበር፤ ከፍተኛ ጥራት ያለውን ድምፅ በሲዲ ልክ ከተቀነሰው ጋር እያቀያየሩ ለሰዎች አሰሙ፣ በተለመደው የማዳመጫ መጠን ሰዎቹ መለየት አልቻሉም።

ታዲያ "24 ቢት" የሚለው ቅጂ አንዳንዴ ለምን በጣም ያምራል? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያን ቅጂ ሲያዘጋጁ አዲስና ጥንቁቅ ሥራ መሠራቱ ነው። የተሻለ ቴፕ ተፈልጓል፣ ማሽኑ ተስተካክሏል፣ ማጨቁ ቀርቷል። ያው ሥራ በሲዲ ልክ ቢወጣ ያው ውበት ይኖረዋል። በ2022 የወጣ አንድ ወሬ ይህን በደንብ ያሳያል። ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የታወቀ አሳታሚ ለዓመታት ብዙዎቹን ውድ ሸክላዎቹን ሲቀርጽ በመሃል ዲጂታል ቅጂ ይጠቀም እንደነበር ተናገረ። ገዢዎቹ ተቆጡ፣ መቆጣታቸውም ተገቢ ነበር፣ አልተነገራቸውምና። ግን እነዚያን ሸክላዎች ዲጂታል የሚባል ነገር አልነካቸውም ብለው ሲያወድሱ የነበሩት እነሱው ናቸው። በጥንቃቄ የተሠራ ዲጂታል ቅጂ ከቴፑ የሚያጎድለው የለም።

የመጨረሻው መለኪያ እናንተው ጋ ያለው ዕቃ ነው። በብሉቱዝ ኢርፎን የሚሰማ ሰው 192 ኪሎኸርዝ ቢገዛ ትርፍ የለውም። ብሉቱዙ የድምፁን ዝርዝር መንገድ ላይ ይቀንሰዋል።

ምርጫዎቹ

ያገለገለ ሲዲ። ብዙ ሰው የናቀው ይሄ ነው፣ ለኔ ግን ከሁሉም የሚያዋጣው እሱ ነው። የትኛው ህትመት እንደሆነ ካወቃችሁ በትንሽ ገንዘብ ምርጡን ሥራ ታገኛላችሁ። አንዴ ኮምፒውተር ላይ ወደ ፍላክ ፋይል ከገለበጣችሁት የናንተ ነው፣ ማንም አያጠፋባችሁም። ፍላክ ማለት ምንም ሳይቀነስ የተጨመቀ ፋይል ነው። ጣጣው ህትመቱን መለየቱ ነው፤ ዲስኮግስ የሚባለው የሸክላና የሲዲ ህትመቶች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ የካታሎግ ቁጥሩን ማመሳከር አለባችሁ።

ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ። ሶኒና ፊሊፕስ በ1999 ያወጡት ነው። ገበያው ብዙም አልሰፋም፣ ግን ለእነዚህ አልበሞች ትልቅ ውለታ ውሏል፤ በጣም ጥንቁቅ የሆኑት መሐንዲሶች ሥራቸውን ያወጡት በዚህ ነውና። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ንብርብር ናቸው፣ ተራ ሲዲ ማጫወቻም ላይ ይሠራሉ። የሱፐር ኦዲዮውን ንብርብር ግን ተራ የኮምፒውተር ድራይቭ አያነበውም። ህትመቱ ሲያልቅ ዋጋው ይሰቀላል፣ ለሰብሳቢ ካልሆነ ያን ያህል መክፈል አልመክርም።

ሃይሬዝ (ቁጥሩ ከሲዲ በላይ የሆነ) ፋይል መግዛት። ኮባዝ፣ ኤችዲትራክስ፣ ባንድካምፕ የመሳሰሉት ጋ ይሸጣል። አንድ አልበም ብዙ ጊዜ በ20 ዶላር አካባቢ ነው። አንዳንዶቹ መደብሮች ለሁሉም አገር አይሸጡም፣ ካርድ ከማስገባታችሁ በፊት እዩት። እዚህ አንድ ማጭበርበሪያ አለ። የሲዲ ፋይል ወስዶ ቁጥሩን ብቻ ከፍ አድርጎ መሸጥ። መለየት ይቻላል፤ ስፔክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ፋይሉን ስትከፍቱበት የድምፁን ሥዕል ያወጣላችኋል። 96 ኪሎኸርዝ የተባለ ፋይል 22,000 ኸርዝ ላይ በቢላዋ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካለቀ ገንዘባችሁን አስመልሱ። እውነተኛ የቴፕ ቅጂ ከዚያ በላይም ቢያንስ የቴፑ ሽሽታ ቀስ እያለ ሲጠፋ ይታያል።

ስትሪሚንግ። ከ2021 ጀምሮ አፕል ሚዩዚክ ምንም ጭማሪ ሳይጠይቅ እስከ 24/192 ይሰጣል። ታይዳል፣ ኮባዝ፣ አማዞንም አላቸው። ስፖቲፋይ ዘግይቶ በ2025 እስከ 24/44.1 አስገባ፣ ከላይ ባልኩት ምክንያት ይሄም ከበቂ በላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በወር ከ11 ዶላር ገደማ ጀምሮ ከፍላችሁ እዚያ ያሉትን ቅጂዎች እያቀያየራችሁ ትሰማላችሁ፣ ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ችግሩ አሳታሚው ፋይሉን ሳይነግራችሁ ይቀይረዋል። የለመዳችሁት ሚክስ አንድ ቀን በአዲስ ሪሚክስ ተተክቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። አንዳንድ የሞኖ ቅጂዎችም እዚያ ላይ የሉም።

አዲስ ሪሚክስና አትሞስ። ይሄ ሪማስተር አይደለም። የየመሣሪያውን ድምፅ ለየብቻ አውጥቶ እንደገና ማቀናበር ነው፤ አትሞስ ደግሞ ድምፆቹን ግራና ቀኝ ብቻ ሳይሆን በዙሪያችሁ የሚበትን ሪሚክስ ነው። በ2022 እንደገና የወጣው የቢትልስ አልበም ሪቮልቨር ለዚህ ትልቁ ምሳሌ ነው። ፒተር ጃክሰን ስለ ቢትልስ ከሠራው ዘጋቢ ፊልም ጋር የመጣው ቴክኖሎጂ አንድ ትራክ ላይ የተደባለቁትን ጊታር፣ ቤዝና ከበሮ ለያይቶ አውጥቷቸዋል። በሄድፎን በጣም ደስ ይላል። ግን በ1966 ሰው የሰማው ያ እንዳልሆነ እያወቃችሁ ስሙት።

አልበም በአልበም

ፔት ሳውንድስ፣ ቢች ቦይስ፣ 1966። ብራያን ዊልሰን ቀኝ ጆሮው ከሞላ ጎደል አይሰማም ነበር። አልበሙን የሠራው በሞኖ ነው። ያኔ "ስቴሪዮ" ተብሎ የተሸጠው ሸክላ ከሞኖው በማሽን የተፈበረከ ነው፣ በዲጂታልም ቢያጋጥማችሁ እለፉት። እውነተኛው ስቴሪዮ የወጣው በ1997 ነው፣ ማርክ ሊኔት ከየክፍሉ ቴፕ እንደገና አቀናብሮት። እሱም በጣም ጥሩ ነው፤ የድምፃውያኑ ህብረት ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ሰው ግን ሞኖውን ነው የምሰጠው። እዚያ መሣሪያዎቹ አንድ ላይ ይዋሃዳሉ፣ የትኛው ምን እንደሆነ ሳትለዩ አዲስ ድምፅ ይሆናሉ። ዊልሰን የደከመው ለዚያ ነው። ብዙዎቹ ቅጂዎች ሁለቱንም አንድ ላይ ይይዛሉ፣ እንደዚህ ያለውን ፈልጉ።

ራበር ሶል፣ ቢትልስ፣ 1965። በጣም የሚያደናግረው ይሄ ነው። በ1987 ለሲዲ ሲዘጋጅ ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲን ስቴሪዮውን እንደገና አቀናበረው። በ2009 የወጣው የስቴሪዮ ሪማስተርም የተሠራው ከዚያው ከ1987ቱ ነው። የ1965ቱን ስቴሪዮ የምትፈልጉ ከሆነ የ2009ን የሞኖ ሳጥን (አልበሞቹ አንድ ላይ የተሸጡበትን ስብስብ) ፈልጉ፤ እዚያ ያለው የራበር ሶል ሲዲ ሞኖውንም የድሮውን ስቴሪዮም ይዟል። የሞኖ ሳጥኑ ሌላም ብልጫ አለው። ስቴሪዮዎቹ ላይ ትንሽ የማጨቅ ሥራ ተሠርቷል፣ ሞኖዎቹ ላይ ግን ምንም አልተነካም። በዚያው ዓመት በፖም ቅርጽ ዩኤስቢ የወጣው ቅጂ 24 ቢት/44.1 ነው፣ በውስጡ ያሉት ግን ስቴሪዮዎቹ ናቸው። ለጌጥ ካልሆነ አልገዛውም። የዘፈኖቹንም ብዛት ቁጠሩ፦ የእንግሊዙ 14፣ የአሜሪካው 12 ነው፣ ዘፈኖቹም ተቀያይረዋል። ሪቮልቨርም እንዲሁ ነው፣ እንግሊዝ 14፣ አሜሪካ 11። ለሪቮልቨር የ2022ቱ ትልቁ ሳጥን ሞኖውንም ስለያዘ ምርጫው ቀላል ነው።

ቦብ ዲላን። በ2003 15 አልበሞቹ በሱፐር ኦዲዮ ሲዲ ወጥተው ነበር። በ2010 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 8 አልበሞች በሞኖ፣ በ9 ሲዲ። ሃይዌይ 61 ሪቪዚትድን በሞኖ ስሙት፤ ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ ፊታችሁ ላይ የሚጫወት ነው የሚመስለው። ብሎንድ ኦን ብሎንድ ላይ ግን ስቴሪዮውን እመርጣለሁ፣ ያ ሁሉ ኦርጋንና ጊታር ትንሽ ቦታ ሲያገኝ ይሻለዋል። ይሄ የኔ ጆሮ ነው፣ የሚቃወሙኝ ብዙ ናቸው።

አፍተርማዝ፣ ሮሊንግ ስቶንስ፣ 1966። የ2002ቱን ህትመት ፈልጉ። ብዙ ሰው ሳያውቅ በተራ ሲዲ ዋጋ ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ ገዝቷል። የኋለኞቹ ህትመቶች ያ ንብርብር የላቸውም፣ ስለዚህ ዲስኩን ራሱን እዩት። የእንግሊዙና የአሜሪካው ዘፈኖች እዚህም ይለያያሉ። ሞኖ የሚፈልግ የ2016ቱ ሳጥን አለለት።

ኤ ላቭ ሱፕሪም፣ ጆን ኮልትሬን። የተቀዳው ታኅሣሥ 9 ቀን 1964 በአንድ ቀን ነው፣ ኒው ጀርሲ፣ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ። የወጣው በ1965 መጀመሪያ። እዚህ ሞኖ ፍለጋ አትድከሙ። ርዝመቱ 33 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከበሮው ከሹክሹክታ ተነስቶ እስከ ነጎድጓድ ይሄዳል፣ ስለዚህ የታጨቀ ቅጂ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እሱን ነው። የሃይሬዝ ፋይል ልግዛ ካላችሁ ገንዘባችሁን እዚህ አውሉት፣ ለቁጥሩ ሳይሆን ለጥሩው ቴፕ ብላችሁ።

አፍሮ-ላቲን ሶል፣ ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ፣ 1966። የኛ ሰው በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት አልበም እንዳወጣ ስንቱ ያውቃል? ዎርዚ በምትባል ትንሽ አሳታሚ ነው የወጡት፣ ከኢትዮጵያን ኩዊንቴቱ ጋር። ለብዙ ዓመታት ሸክላዎቹ የሰብሳቢ ብርቅ ነበሩ። በ2018 ስትሩት የተባለ አሳታሚ ሁለቱንም አንድ ላይ አሳተማቸው። የትንሽ አሳታሚ ሥራ ላይ ከዋና ስቱዲዮ የሚወጣውን ንጽሕና አትጠብቁ፣ በሲዲ ልክ ፍላክ ከበቂ በላይ ነው። ቫይብራፎኑን፣ ያን በዱላ የሚመታውን የብረት መሣሪያ፣ ግን ስሙት። በኋላ አዲስ አበባ ላይ የበሰለው ኢትዮ ጃዝ እዚያ ሲጀማመር ይሰማል። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር አንድ ብቻ ግዙ ብትሉኝ እሱን ነው የምላችሁ።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

መጠኑ ለ40 ደቂቃ አልበም ግምት ነው።

| ምርጫ | ዋጋ | መጠን | ጥንካሬው | ድክመቱ |
|---|---|---|---|---|
| ያገለገለ ሲዲ | ዝቅተኛ | 200–250 ሜጋባይት በፍላክ | የናንተ ነው፣ ሞኖ ቅጂ ይገኛል | ህትመቱን መለየት ያስፈልጋል |
| ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ | ከፍተኛ | በዲስክ | ጥንቁቅ ማስተር | ልዩ ማጫወቻ፣ ቶሎ ያልቃል |
| ፋይል 24/96 | መካከለኛ | 700–900 ሜጋባይት | አዲስ ቅጂ ሊሆን ይችላል | ቁጥሩ ብቻ ያደገ ፋይል አለ |
| ፋይል 24/192 | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ከ1.3 ጊጋባይት በላይ | ከ24/96 የሚሰማ ብልጫ የለውም | ቦታና ዳታ ይበላል |
| ስትሪሚንግ | በወር | እንደ ምርጫችሁ | ማወዳደር ይቻላል | ቅጂው ይቀየራል |
| አትሞስ ሪሚክስ | በስትሪሚንግ ውስጥ | ይለያያል | ለሄድፎን ይመቻል | የዘመኑ ድምፅ አይደለም |

ለማን የቱ ይሻላል

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ሁለት ነገር ብቻ፦ ያገለገለ ሲዲ ወይም የአንድ ወር ስትሪሚንግ፣ ከዚያ ባለ ገመድ ሄድፎን። ስልካችሁ የሄድፎን ቀዳዳ ከሌለው ትንሿን የዩኤስቢ ሲ መገናኛ ግዙ። ከሃይሬዝ ፋይል በፊት ለድምፁ ልዩነት የምታመጣው እሷ ናት።

አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ በሞባይል ዳታ የምትሰሙ ከሆነ ስትሪሚንጉን ከሲዲ ጥራት በላይ አታድርጉት። በ24/192 አንድ አልበም ብቻ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይበላል። ዋይፋይ ስታገኙ አውርዱና ያዙ። ሞኖ አልበም በፍላክ ግማሽ ያህል ብቻ እንደሚወስድም አስታውሱ፤ ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ በደንብ ይጨመቃል።

ሁልጊዜ በሄድፎን የምትሰሙ ለፖፕና ለሮክ ሞኖ ወይም አዲስ ሪሚክስ ውሰዱ። የድሮውን ስቴሪዮ ለስፒከር ተዉት። ቤታችሁ ጥሩ ስፒከርና ጸጥታ ካለ ደግሞ ያልታጨቁት ቅጂዎች ናቸው የሚክሷችሁ፣ ኮልትሬን ላይ ጀምሩ።

ለሰብሳቢዎች ሱፐር ኦዲዮ ሲዲና ሳጥኖቹ ይገባቸዋል። ጽሑፎቹ፣ ፎቶዎቹ፣ የልምምድ ቅጂዎቹ ዋጋ አላቸው። ሙዚቃውን ብቻ ለሚፈልግ ግን ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ዲስኮች ደጋግሞ የሚሰማው አንዱን ወይም ሁለቱን ነው።

ሁለት ቅጂ ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። አንዱ ትንሽ ጮክ ካለ ጆሮ ሳያውቀው ወደሱ ያደላል። ስትሪሚንግ ላይ ድምፅ የሚያስተካክለውን ሴቲንግ አብሩት፣ አንድ ዘፈን መርጣችሁ ያንኑ 30 ሰከንድ በሁለቱም ደጋግማችሁ ስሙ፣ ከተቻለ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳታዩ ሌላ ሰው ያቀያይርላችሁ። ልዩነት ካልሰማችሁ ርካሹን ውሰዱና በተረፈው ገንዘብ ሌላ አልበም ጨምሩ።